ስለ ኳስ ጨዋታ ወሬ ጸሐፊዎች ዋጋ

አንድ ሰው የሚሠራውን ሥራ ከልቡ የወደደው እንደ ሆነ፥ ስለ ወደደው ዋጋው ሊቀነስበት ይገባልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይዞት በመጣ ጊዜ ወዲያው መልስ ላገኝለት አልቻልሁም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሳወጣና ሳወርድ የቈየሁትን ለአንባቢዎች ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ።

ይህ ልጅ በሕፃንነቱ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ቈጥሮ፥ ከጉባኤ ቃና እስከ ሚበዝኁ ደርሶ፥ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የሄደ ነው። ዛሬ የሚተዳደረው የኳስ ጨዋታ እያየ ወሬውን ለጋዜጣና ለራዲዮ በመጻፍ ነው። በማንም ዘንድ በቋሚነት አልተቀጠረም፤ በዚህ ዘመን ቋንቋ ፍሪላንስ ይሉታል፤ በየጽሑፉ ቍጥር ይከፈለዋል እንጂ የወር ደመወዝ የለውም። ከሚጽፍላቸው አንዱን የጋዜጣ ባለቤት ዋጋ እንዲጨምርለት ቢለምነው፥ ባለቤቱ፦ «አንተ እኮ ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበትን ጨዋታ በነጻ ታያለህ። ደግሞስ ኳስ ፍቅርህ አይደለምን? ይህንንም ሥራ ብለህ ትጠራዋለህን?» ብሎ መለሰለት። ልጁም፦ «የኔታ፥ ኳስ መውደዴ እውነት ስለ ሆነ አፌ ተያዘ። ምን ብዬ ልመልስለት ይገባኝ ነበር?» አለኝ።

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ በልደት ሰሞን ገና ከመጫወት በቀር ከሜዳ ጋር ብዙ ትውውቅ የለኝም። ስለዚህ አስቀድሞ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት፤ እርሱም እንዲህ ሲል ነገረኝ። «ጨዋታው አዳማ ላይ በ9 ሰዓት ከሆነ እኔ ከአዲስ አበባ ጧት በ4 ሰዓት እነሣለሁ። ቀድሜ ካልደረስሁ የተሰላፊዎቹን ስም አላገኝም። ጨዋታው ሲጀመር ዐይኔን ከሜዳው ሳልነቅል ጎሉ በስንተኛው ደቂቃ እንደ ገባ፥ ማን እንዳቀበለ፥ ማን ቢጫ ካርድ እንዳየ፥ ማን በማን እንደ ተተካ እጽፋለሁ። አንድ ስም የተሳሳትሁ እንደ ሆነ በማግሥቱ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ጨዋታው ሲያልቅ የሁለቱን ቡድን አሠልጣኞች አነጋግራለሁ፤ የተሸነፈው ብዙ ጊዜ መናገር አይወድምና ደጅ እጠናለሁ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ከሜዳው ጥግ ተቀምጬ በስልኬ ጽፌ እልካለሁ። ቤቴ የምገባው ከምሽቱ በ3 ሰዓት ነው።»

ሒሳቡን በወረቀት ላይ አብረን ጻፍነው። ለአንድ ጽሑፍ 600 ብር ይከፈለዋል። ለመኪና ደርሶ መልስ 300፥ ለምሳ 150፥ ለስልክና ለኢንተርኔት 50 ብር ከኪሱ ያወጣል። የሚተርፈው 100 ብር የ11 ሰዓት ድካም ዋጋ ነው። ጨዋታው በዝናብ ምክንያት የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ 600 ብሩ አብሮ ይቀራል፤ የመኪናው ኪራይ ግን አይቀርለትም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ጸሐፊ ስትሪንገር ይሉታል። ስትሪንግ ማለት ገመድ ነው፤ ጥንት የታተመለትን ጽሑፍ ቁመት በገመድ እየለኩ ይከፍሉት ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ወሬው እውነት ከሆነ የሥራውን መከራ ደኅና አድርጎ ያሳያል። ገመዱ የታተመውን ይለካል እንጂ መንገዱን፥ ደጅ ጥናቱን፥ በዝናብ የቀረውንም ቀን አይለካም።

እንግዲህ «በነጻ ታያለህ» የተባለውን ነገር መርምረን እንየው። ተመልካች በወደደ ጊዜ ይመጣል፥ በሰለቸው ጊዜ ይሄዳል፤ የወደደውን ተጫዋች ብቻ እያየ ለቡድኑ ይጮኻል፤ ማታም ይረሳዋል። ጸሐፊው ግን መጮኽ አይፈቀድለትም፤ የማይወደውንም ቡድን እኩል ማየት አለበት፤ ሌላው የረሳውን እርሱ መርሳት አይችልም። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ተቀምጠው አንድ ነገር ቢያዩም የሚሠሩት አንድ አይደለም። ወጥ ሠሪይቱ ጨው ለማየት ወጡን ስለ ቀመሰች እራቷን በልታለች አይባልም። ከዚህም በላይ የሜዳውን በር የከፈተለት የጋዜጣው ባለቤት አይደለም። ሌላው የሰጠውን ነገር እንደ ራሱ ክፍያ መቍጠር ምን ዓይነት ሒሳብ እንደ ሆነ እኔ አልገባኝም።

«ፍቅርህ አይደለምን?» የሚለው ግን ከዚህ ይከብዳል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ሰሙን ከወርቁ ይለየዋል፤ ሰሙ ምስጋና ነው፥ ወርቁ ግን «በርካሽ ሥራልኝ» ማለት ነው። ማሕሌት የሚቆም ደብተራ ዜማውን ስለ ወደደ ድርጎው አይቀርበትም። በግእዝ ዐስብና ጸጋ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸጋ ከሰጪው ቸርነት የሚወጣ ስለ ሆነ ሰጪው ቢቀንሰውም ቢያስቀረውም ዕዳ የለበትም። ዐስብ ግን ከሠሪው ድካም የሚወጣ ዕዳ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ይህን ልዩነት ለትልቅ ትምህርት መነሻ አድርጎታል። ፍቅሩ የሠሪው ሀብት ነውና ከፋዩ በእርሱ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ይልቁንም ነገሩ ቢመረመር ተገልብጦ ይገኛል። ምነው ቢሉ፥ ልጁ ኳስን ስለሚወድ ሌላው የማያየውን ያያል፤ ጽሑፉም የተሻለ ይሆናል፤ በዚህ የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው። የተሻለ እህል ያመጣ ገበሬ እርሻውን ስለሚወድ በርካሽ ይሽጥ የሚል ነጋዴ ገበያ ላይ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ፦ «የጥንት መምህራን ያለ ደመወዝ ያስተምሩ አልነበረምን? አንተስ ያለ ዋጋ አልተማርህምን?» ብሎ ተከራከረኝ። እውነት ነው፥ እኔ በቆሎ ተማሪነት ለምኜ ተምሬአለሁ፤ መምህሬም ከእኔ አንዲት ሳንቲም አልወሰደም። ነገር ግን መምህሬ ከወዴት በልቶ ነበር ያስተማረኝ? የጥንቱ መምህር እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ የደብር መሬት ነበረው፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ እህል ያመጣለት፥ ተማሪውም እንጨቱን ይሰብርለት፥ ውኃውን ይቀዳለት ነበር። ያለ ዋጋ የተሠራ የሚመስለን ሥራ ሁሉ ከበስተኋላው የሚያበላው ሰው አለ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ «በነጻ ነው» ማለት አለማስተዋል ነው። የነገሩም እሾኽ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ጥቂት ቈይቼ እመለስበታለሁ።

ዋጋው እንዲህ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የባሕር ማዶውን የኳስ ወሬ፥ የአርሴናልን የማንቸስተርን ነገር፥ አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ከኢንተርኔት እየተረጐመ አንድ ገጽ በአንድ ሰዓት ይሞላል። የአገር ቤቱ ወሬ ግን እግር ይጠይቃል፤ የሚተረጐም ምንጭ የለውም፤ ሰው ካልሄደለት አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር፥ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋ፥ በሐዋሳ በተራ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ይህም ሥርዐት ለዓመታት ዘለቀ። በዚህ ሥርዐት የአርባ ምንጭ ልጅ የከተማውን ቡድን ወሬ ልጻፍ ቢል ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ማደሪያ ተከራይቶ መሰንበት ግድ ሆነበት። ጋዜጣው ግን የሚከፍለው ያንኑ የጽሑፍ ዋጋ ነው። በቴሌቪዥን ተመልክተህ ጻፍ የሚሉም አሉ፤ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን የተጫዋቾች ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሆነውን፥ አሠልጣኙ ከሜዳ ሲወጣ የተናገረውን ካሜራው አያመጣውም። ከፍተኛ ሊጉን፥ የሴቶቹን ውድድር፥ የየክልሉን ሩጫ ስናስብ ደግሞ ካሜራው ራሱ ብዙ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ እሾኹ ልመለስ። ልጁ ሒሳቡን ካስረዳኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። ባለፈው ዓመት ጨዋታው ሩቅ ከተማ ላይ ሆነና የሚሄድበት ገንዘብ አጣ። የአንድ ክለብ ኀላፊ በክለቡ አውቶቡስ አሳፈረው፤ ተጫዋቾቹ ባደሩበት ሆቴል አሳደረው፤ ሲመለስም «ለሻይ» ብሎ 1000 ብር በፖስታ አድርጎ ሰጠው። በዚያ አዳር ተጫዋቾቹ ደመወዛቸው ከተከፈለ ሦስት ወር እንዳለፈው፥ አንዱም የቤት ኪራይ አጥቶ ሚስቱን ወደ ወላጆቿ እንደ ላከ በጆሮው ሰማ። ልጁ የጨዋታውን ውጤት ጽፎ ላከ፤ የሰማውን ግን አልጻፈም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተጫዋቾቹ ልምምድ እንቢ ባሉ ጊዜ ነገሩ በሌላ ሰው አፍ ወጣ። «ማንም ዝም በል አላለኝም፥ የኔታ» አለኝ፤ «ነገር ግን እንጀራውን በልቼ ነበር።»

ይህን ስሰማ ልገሥጸው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ እርሱም ያውቀዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋጋውን የተነፈገ ሠራተኛ ዋጋቸውን የተነፈጉ ሠራተኞችን ነገር ሸሸገ። የጋዜጣው ባለቤት ከ600 ብር በላይ አልከፍልም ባለ ጊዜ የቀረውን ወጪ አላጠፋውም፤ ወደ ክለቡ ኀላፊ ኪስ አዛወረው እንጂ። ኀላፊውም በከፈለው ልክ ገዛ፤ የገዛውም ዝምታ ነው። አንባቢውም በ600 ብር የተጻፈ መስሎት ያነበበው ወሬ እኩሌታው ዋጋ በሌላ ሰው የተከፈለ ነበር። ስለዚህ የዋጋው ነገር የአንድ ወጣት የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የወሬው እውነትነት በውስጡ አለበት። በጥቂት ገንዘብ የሚያሠራ ሰው እውነተኛ ወሬ እፈልጋለሁ ቢል፥ ወጣቱ ከድኽነት ጋር ቅድስናን እንዲጨምርለት እየጠየቀው ነው። ቅድስናን መመኘት መልካም ነው፤ በውል ውስጥ አስገብቶ በነጻ መጠየቅ ግን አይገባም።

«የኳስ ወሬ ትንሽ ነገር አይደለምን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እንዲህ እል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10000 ሜትር ሩጫ ስታሸንፍ፥ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የበቆጂ ልጆች ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ ሲያገኙ፥ ዓለም ሁሉ ጻፈ። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን በአቧራማ ሜዳ፥ ጥቂት ሰው በሚያየው የአገር ቤት ውድድር ይጀመራል። በዚያ ሜዳ የሚገኘው ጸሐፊ የመንገድ ገንዘብ ካጣ የልጆቹ ስም ሳይጻፍ ይቀራል፤ ከእነርሱም መካከል ወደ ባርሴሎና የማይደርሱት ይበልጣሉ። ለእነዚያ በከተማቸው ጋዜጣ አንድ ቀን የወጣው ስማቸው ያላቸው መታሰቢያ ሁሉ ነው።

ለጋዜጣው ባለቤትም ልፍረድለት። የወረቀቱና የማተሚያው ዋጋ በየጊዜው ይወጣል፤ ገዢው ወደ ስልኩ ዞሯል፤ ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ዘግይቶ ይከፍላል። ባለጠጋ ነው ብዬ አልከሰውም። ነገር ግን ድኻ ከፋይ ለማተሚያ ቤቱ «ማተም ፍቅርህ ነውና እኩሌታውን ተውልኝ» አይልም፤ ይህን የሚለው መልስ ለማይሰጠው ብቻ ነው። ደግሞም 600 ብሩ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ነው። ሕገ ኦሪት የድኻውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ክፈል ብላ ታዝዛለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በዶላር ፊት ምን ያህል እንደ ወደቀ ያየ ሰው የዚህ ትእዛዝ ጥበብ ሳይገባው አይቀርም፤ የዘገየ ዋጋ በመንገድ ላይ እየተሸረፈ ነው የሚደርሰው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ላንሣ። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝዝም፥ በራሱ የሙያ ኀላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራውን ሰው ከዐዋጁ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ልጄን የሚጠብቀው ውል ብቻ ነው፤ ውሉም በቃል ነው። በሌላ አገር ሕግ ሞክሮ ነበር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ኤቢ 5 የተባለ ሕግ ወጣ፤ አንድ ጸሐፊ ለአንድ ጋዜጣ በዓመት ከ35 ጽሑፍ በላይ የሰጠ እንደ ሆነ በነጻ ሠራተኛ ስም መያዙ ቀርቶ እንደ ቅጥረኛ እንዲታይ የሚያደርግ ነበር። ሕጉ ሊጸና ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ቮክስ ሚዲያ የተባለው ኩባንያ የየከተማውን ቡድን ወሬ በሚያወጡት ገጾቹ ላይ ይጽፉለት የነበሩትን 200 ያህል የካሊፎርኒያ ጸሐፊዎች እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለቡድናቸው ፍቅር ሲሉ በጥቂት ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። በ2020 ሕጉ ተሻሽሎ 35 የሚለው ቍጥር ተነሣ። ከዚህ የተነሣ ሕግ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። ሕጉ የገለጠው ሥራው ዋጋ እንዳለው ተቈጥሮ ቢከፈል ኖሮ ብዙው ቀድሞም እንደማይሠራ ነው፤ ያ ሁሉ ገጽ በጸሐፊዎቹ ፍቅር ላይ ተሠርቶ ነበርና።

«ተስማምቶ የለምን?» ለሚለውም፥ በወንጌል የተጻፈውን የወይን ቦታ ባለቤት ምሳሌ የሚጠቅሱ አሉ፤ እርሱም በተስማሙበት ዲናር ከፈላቸው ይላሉ። ነገር ግን ያ ባለቤት ከስምምነት ወጣ ቢባል የወጣው ወደ ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ለሠራው የሙሉ ቀን ዋጋ ሰጠው፤ ሙሉ ቀን ለሠራው የአንድ ሰዓት ዋጋ አልሰጠም። ከዚህ ምሳሌ ትንሽ መክፈልን የሚማር ሰው መጽሐፉን ገልብጦ የያዘ ነው። ለእኔ እንደሚታየኝ ቢያንስ ይህ ያስፈልጋል፤ የመንገድና የምሳ ወጪ ዋጋ አይደለምና ከዋጋው ተለይቶ ይከፈል፤ ሜዳ ድረስ የሄደ ሰው ጨዋታው ቢቀርም አይጣል። ባለቤቱ ለአራት ጨዋታ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለው ሁለቱን በሚገባ ያስጽፍ፤ የቀሩትን ውጤታቸውን ብቻ ያውጣ። ትክክለኛው ዋጋ ይህን ያህል ብር ነው ብዬ ለመቍረጥ ግን አልደፍርም፤ ሁለቱ ሒሳባቸውን ገልጠው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ ልጁን ጠርቼ ወደ ባለቤቱ ሂድና እንዲህ በለው አልሁት። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፦ «ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር፤ እንዳላሳዝንዎ ብዬ ነው የተውሁት» አለኝ። ግድ ብዬ ባስጨንቀው፥ ባለቤቱ «የአንተ መምህር እንኳ በየበዓሉ ያለ ዋጋ ይጽፉልኝ የለምን?» እንዳለው ነገረኝ። እውነት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየበዓላቱ ጽፌለታለሁ፤ ለበረከት ይሁን ብዬ ሊከፍለኝ ሲል እንቢ ብዬዋለሁ። እኔ ደመወዝና ድርጎ ያለኝ ሰው ነኝ። በቸርነት የሰጠሁት በዚያ ወጣት ላይ መመዘኛ ሆኖ እንደሚወጣ አንድ ቀን አላሰብሁም።

በማግሥቱ ለባለቤቱ ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ከእንግዲህ ለምጽፈው ዋጋ እንዲከፍለኝ፥ ለልጁም ወጪውን ለይቶ እንዲያስብለት ለመንሁት። ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን አለኝ፤ ፋሲካ አልፎ ጰራቅሊጦስ ደረሰ፥ እስካሁን አልጠራኝም። ልጁ ትናንት ከሐዋሳ ደውሎልኝ ነበር። በክለቡ አውቶቡስ አልሄደም፤ ለመሳፈሪያውና ለማደሪያው ከእኔ ተበድሯል።